ውሃ የማይገባበት መሬት፦ የአቶ ባህሩ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባህሩ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአሥር አለቃ ወልደጻድቅ በላይነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ኃይለሚካኤል በ1936 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ተወለዱ። ሁለት ወንድማማች ነበሩ። ታላቃቸው ሽበሺ ወልደጻድቅ ዛሬ በሕይወት አሉ።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሞተው ሁሉ ደግ፣ የቆመው ሁሉ ወዳጅ ይሆናል። ይህኛው እንደዚያ አልተጻፈም። አቶ ባህሩ ቁጡ ሰው ነበሩ። የተቆጡበትም ምክንያት ነበራቸው። ዛሬ እዚህ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ድንኳን ለምን እንዳልተተከለ እርስ በርስ ስትጠያየቁ ቤተሰቡ ሰምቷል። መልሱ በዚሁ ታሪክ ውስጥ በተራው ይነበባል።

አባታቸው ጡረታ ሲወጡ ለወታደሮች በተሰጠው ቦታ ላይ ቤት ሠርተው በ1953 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ወደ ሐዋሳ አመጡ። ያን ጊዜ ከተማው ገና ግራር እየተመነጠረ የሚሠራ ነበር። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ጓሮ ድረስ ይግጥ ነበር። አቶ ባህሩ ቡልጋ ሳሉ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመዋል፤ ሐዋሳ ከመጡ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ጀምረው ክፍል እየዘለሉ እስከ ስድስተኛ ተማሩ። ከዚያ በላይ አልገፉም። አባት ታመሙ፤ ቤቱ ሠራተኛ እንጂ ተማሪ የሚችል አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ በማሽን ረዳትነት ተቀጠሩ። ዘይት ከመቀየር ጀምረው ሎደርና ኤክስካቫተር ነጂ ሆኑ። በዲላና በያቤሎ በኩል በተሠሩት መንገዶች ላይ ብዙ ዓመት በድንኳን እየኖሩ ሠርተዋል። ከሰው ጋር ቶሎ የሚጋጩ ነበሩ፤ ከማሽን ጋር ግን ተጋጭተው አያውቁም።

በ1964 ዓ.ም. ወይዘሮ ሽታዬን በቅዱስ ቁርባን አገቡ። ፍቅርተማርያምን፣ ሄኖክንና ዮርዳኖስን ወለዱ። ወይዘሮ ሽታዬ ሳቂታ ነበሩ። ባለቤታቸው ተቆጥተው ሲገቡ፣ “ዛሬ ደግሞ የትኛው ጎማ ፈነዳ?” ይሏቸው ነበር። አቶ ባህሩም መሳቃቸው እንዳይታይባቸው ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር። ልጆቹ ይህን ያስታውሳሉ።

በ1979 ዓ.ም. ወደ ከተማው ተዛውረው የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን በሚጠርገው ክፍል ኤክስካቫተር ነጂ ሆኑ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ አለቆቹ ተለወጡ፤ ቦዩ አልተለወጠም። ታቦር ተራራ በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ ይወርዳል። አፈሩ በቦዩ ተጉዞ ሐይቁ አፍ ሲደርስ ውሃው ይደክማል፤ ያን ጊዜ አፈሩ ይቀመጣል። ደለል የምንለው ይኸው ነው። ካልተጠረገ ቦዩ ይታፈንና ጎርፉ ተመልሶ ሰው ቤት ይገባል። ሥራው ደለሉን አውጥቶ ቦዩ ዳር መቆለል ነበር። የተቆለለውን የሚያነሳ ስለሌለ የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያስገባው ነበር። አቶ ባህሩን ይህ ያንገበግባቸው ነበር። ለአለቆቻቸው ደጋግመው ተናገሩ። አለቆቻቸውም ደጋግመው ሰሙ።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት ሐይቁ ከዳርቻው አልፎ ወጣ። ታች ያሉት ቤቶች ውሃ ገባባቸው። ከቦዩ አፍ አጠገብ ያለው የመቃብር ቦታችንም ራሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ወይዘሮ ሽታዬ በድንገተኛ ሕመም አረፉ።

እዚህ ከቆማችሁት ያን ቀን የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ ያልነበራችሁ ስሙ። መቃብሩ ጉልበት ሳይደርስ ውሃ አፈለቀ። የእድሩ ተረኞች በባልዲ ቀዱ። በቀዱት ልክ ተመልሶ ሞላ። ካህናቱ ቆመው ጠበቁ። ዝናቡ ሲመጣ ይብቃ ተባለና ሣጥኑ ወረደ። ሣጥኑ ግን አልሰመጠም፤ ተንሳፈፈ። አንድ ሰው በአካፋ ጀርባ ተጫነው። ሌላው ድንጋይ አቀበለ። አቶ ባህሩ አካፋውን ከሰውየው እጅ ነጠቁና፣ “ይቺ ሰው አይደለችም?” አሉ። ድንጋዩ ግን ተጨመረ፤ አፈሩም ተመለሰ። ሄኖክ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አባቱ ያን ቀን እንዳላለቀሱ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ሐይቁን አሻግረው ቆመው እንዳላዩ ይናገራል።

አርባዋ ካለፈ በኋላ በእድሩ የወር ስብሰባ ተነሥተው ተናገሩ። እድራችን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩ ተረኞች አሉት። አቶ ባህሩ የጠየቁት ያው ተራ ለሌላም ሥራ እንዲውል ነበር። ደለሉ ከቦዩ ዳር ይነሳ፤ ይድረቅ፤ በመቃብሩ ቦታ ላይ ይነጠፍ፤ መሬቱ ከውሃው በላይ ይነሳ አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ሀብታም ድሃ ሳይባል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ ወጣ። እድሩ በዚያ ጊዜ የሠራው መልካም ነበር፤ መልካሙም አይደበቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ጥፋት ተሠራ። ደለል ከውሃ እንደወጣ አይነጠፍም። ተቆልሎ ውሃው እንዲወርድ ይጠበቃል፤ ላስቲኩና የመረብ ቁራጩ ይለቀማል፤ ከዚያ ከቀይ አሸዋ ጋር እየተቀላቀለ በስሱ በስሱ እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። አቶ ባህሩ እስከ ጥር ድረስ እንጠብቅ አሉ። የእድሩ ዳኛ ግን የእናታቸውን ተዝካር ኅዳር ላይ ሊያወጡ አስበው ነበርና መቃብሩ ለእንግዳ አምሮ እንዲታይ ፈለጉ። እርጥቡ ደለል ተነጠፈ። ለተዝካሩ አማረ። በታኅሣሥ ፀሐይ ተሰነጣጠቀ፤ መስቀሎቹ ወዲያና ወዲህ ዘመሙ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስድቡ የደረሰው ለዳኛው አልነበረም። “ባህሩ ጭቃ” የሚለው ስም የወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ባህሩ ሙታንን ፎቅ ላይ ሊያወጣ ነው ተብሎ ተሳቀ። አቶ ባህሩ መስቀሎቹን አንድ በአንድ አቀኑ። በ1991 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቀናቸው ሁሉ እዚያ ነበር።

በሚቀጥሉት ዓመታት በሥርዓቱ ተሠራ። ላይኛው ግማሽ መሬት ተነሳ። በ1993 ክረምት እዚያ የተቀበሩት በደረቅ አፈር ገቡ። የቀረው ታችኛው ረድፍ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ የተኙት እዚያ ነው። አቶ ባህሩ ከላይ የጀመሩት፣ ከራሳቸው ሰው ጀመሩ እንዳይባሉ ነው። ለዚህ አንድም ሰው አላመሰገናቸውም። ለታችኛው ረድፍ የሚሆነው ደለል ቦዩ አፍ ላይ ተቆልሎ፣ ተበጥሮ፣ ደርቆ በ1994 ዓ.ም. ጥር ወር ዝግጁ ሆነ።

በዚያው ወር ለሐሞት ጠጠር ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። እርሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚያሠራ ባለሀብት ከአንድ ሹም ጋር ወደ እድሩ መጣ። ለአትክልት ቦታው የሙሌት አፈር ይፈልግ ነበር። ደረቅና የተበጠረ ደለል ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? በምትኩ ለእድሩ የብረት ምሰሶ ያለው አዲስ ድንኳን እሰጣለሁ አለ። የእድሩ ድንኳን ያረጀ፣ በየስፌቱ የሚያፈስ ነበር። ተሰበሰቡ፤ እጅ አወጡ፤ ጸደቀ። የተቃወመ አልነበረም። ዛሬ እኔ አልነበርኩም የሚሉ ብዙ ናቸው። አዳራሹ ግን ያን ቀን ሞልቶ ነበር።

አቶ ባህሩ ቁስላቸው ሳይሽር ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደ ቦዩ ሄዱ። ሎደር ቁልሉን እያነሳ በገልባጭ ሲጭን ደረሱ። ነጂው ዋሲሁን ነበር። ሎደር መንዳት ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ዋሲሁን ሲያያቸው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

“ጋሼ፣ ታዝዤ ነው” አላቸው።

“አውቃለሁ” አሉት። “እንዲህ እያንጠባጠብክ እንድትጭን ግን አላስተማርኩህም። የወሰዳችሁትን በሥርዓት ውሰዱ።”

ዋሲሁን ይህን ራሱ ነው ለቤተሰቡ የተናገረው። ስሙ እንዲጻፍም ፈቅዷል። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አብሯቸው ሠርቷል። የተበደለውን ለመካስ ከመጡት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ሁለተኛው እስካሁን አልመጣም።

በወሩ ስብሰባ አቶ ባህሩ ተነሡ። ዳኛው ቀደሟቸው። ድንኳኑ የሁላችን ነው፣ ሙታን ምንም አይሰማቸውም፣ ፀሐይና ዝናብ የሚመታው ኀዘንተኛው ነው፣ ለቋሚ ማሰብ ኃጢአት አይደለም አሉ። ጭብጨባም ነበር። አቶ ባህሩ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

“እናንተ ላይ እንዳያፈስ እሷ ውሃ ውስጥ ትክረም?” አሉ። “እንግዲያው በዚህ ድንኳን ሥር እኔን እንዳታለቅሱልኝ።”

ከእድሩ ወጡ። ከእድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ከዚያ በኋላ ጥሩምባ ነፊው በሰፈሩ ሲዞር በእርሳቸው በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። በሰው ኀዘን ላይ ሲደርሱ ከድንኳኑ ውጭ አጥር ተደግፈው ይቆማሉ። ዝናብም ቢሆን አይገቡም። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። ኑ ግቡ ያላቸው ግን አልጠፋም፤ የሚሏቸው በፈገግታ ነበር።

ሥራውን አላቆሙም። በ1995 ዓ.ም. ከቦዩ ደለል ሊያወጡ ሲሉ አንድ ሌላ ሹም ደለል የመንግሥት ሀብት ነው፣ ያልተደራጀ ሰው አይነካውም ብሎ ከለከላቸው። አቶ ባህሩ፣ ጎርፍ ሆኖ ቤታችን ሲገባ የእኛ ነበር፣ ዛሬ ሲደርቅ የመንግሥት ሆነ ወይ ብለው ጠየቁት። ሹሙ በሕዝብ ፊት ስለተጠየቀ ተቀየመ። ደለሉ ሁለት ክረምት ሙሉ እዚያው ተኝቶ ቦዩን አፈነ፤ ጎርፉም ገበያ ገባ። ሹሙ አልተጠየቀም። ተሹሞ ሄደ።

በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ፈቃዱን አገኙ። አሸዋማውን ለብሎኬት ሠሪዎች፣ ለም የሆነውን ለችግኝ ጣቢያ ይሸጡ ነበር። አቶ ባህሩ ደለሉን እንዴት እንደሚያንጠፈጥፉና እንደሚለዩ እያሳዩዋቸው አብረው ሠሩ፤ ለድካማቸው የተቀበሉት አፈር ብቻ ነው። ወደ መቃብሩ የሚያጓጉዙላቸው ወይዘሮ ሙንተሃ ነበሩ፤ ገበያ ውስጥ እህል የሚነግዱ፣ በእምነት ሙስሊም የሆኑ ጎረቤታችን ናቸው። አይሱዙአቸው ጭነት አራግፎ ባዶውን ሲመለስ በቦዩ በኩል እንዲያልፍ አደረጉ። አንድ ቀን ከእድሩ አንዱ፣ እርስዎ ከእኛ መቃብር ምን አለዎት ቢላቸው፣ “ሽታዬ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብላ ስቃ የሄደች ሰው ናት፤ አንተን ግን አላስታውስህም” ብለውታል።

በ2000 ዓ.ም. ጥር ወር ታችኛው ረድፍ አለቀ። አቶ ባህሩ የወይዘሮ ሽታዬን መስቀል በከፍታው ላይ አቁመው ኖራ ቀቡት። ሰው ሁሉ ተፈጸመ ብሎ አሰበ። አልተፈጸመም። ከላይ አፈር ቢነጠፍም ወይዘሮ ሽታዬ ከታች፣ ያ ድንጋይ በተጫነበት፣ ውሃው በሚደርስበት ነበሩ። አቶ ባህሩ ይህን ለራሳቸው አልዋሹም። አፅም ሲቆይ ማፍለስ በሥርዓት የተፈቀደ ነውና ወደ ላይኛው ደረቅ መሬት ላፍልሳቸው ብለው ጠየቁ። ካህናቱ ፈቀዱ። ነገር ግን የረድፉ ቦታ በእድሩ የተያዘ ነው፤ ያለ እድሩ ፈቃድ መቃብር አይከፈትም። እድሩም ከእኛ ከወጣ ሰው ጋር አንነጋገርም አለ። ተመልሰው ይግቡ፣ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ያን ጊዜ እናያለን ተባለ።

አቶ ባህሩ ይቅርታ አልጠየቁም። ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር አልነበረም። ነገር ግን በየዓመቱ ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ስብሰባው በር ይሄዱና ልመናቸውን ቆመው ያቀርቡ ነበር። ኩሩ ሰው ነበሩ። ለማንም፣ ለሹምም ቢሆን፣ አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ለሚስታቸው አጥንት ግን በየዓመቱ በሰው በር ቆመዋል። በየዓመቱም ይታሰብበታል ተብለው ተመልሰዋል። ይህን ያደረጋችሁ እዚህ ናችሁ። ስማችሁ አይነበብም። ታውቁታላችሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በሐዋሳና በአዲስ አበባ ታከሙ። ልጃቸው ፍቅርተማርያም ከአርባ ምንጭ ሥራዋን ትታ መጥታ አስታመመቻቸው። በዘንድሮው ጥር መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ኮታቸውን አምጡልኝ አሉ፤ ሊነሱ ግን አልቻሉም። በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ጥር 17 ቀን 2004 ዓ.ም. በቤታቸው አረፉ።

ያን ዕለት ማታ የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎች ወደ ቤት መጡ። ያለፈው አለፈ፣ ሞት ያስታርቃል፣ አባል ባይሆኑም እድሩ በክብር ይቀብራቸዋል፣ ድንኳኑን ነገ ጠዋት እናስተክላለን አሉ። ጥሩምባውም ይነፋ አሉ። የመለሰችው ፍቅርተማርያም ናት።

“ድንኳኑን ተዉት፤ የእናቴን መቃብር ክፈቱልኝ” አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዳኛው ስብሰባ ያስፈልገዋል ሊሉ ጀመሩ። ወይዘሮ ሙንተሃ ከለቀስተኞች መካከል ሆነው፣ “ድንኳኑን ስትወስዱ ስንት ቀን ተሰበሰባችሁ?” አሏቸው። ዳኛው ቀና ብለው አላዩም። እሺ አሉ። ሰው ሞቶ ካልሆነ በስተቀር የማይገኝ እሺ ነበር፤ ቢሆንም ተቀበልነው።

ትናንት ጥር 18 ቀን ካህናት ባሉበት መቃብሩ ተከፈተ። የቆፈሩት ሄኖክ፣ ዮርዳኖስና ዋሲሁን ናቸው። ወደ ታች ሲደርሱ ውሃ አገኙ። ያ ድንጋይም በቦታው ነበር። ሄኖክ ድንጋዩን አውጥቶ ወስዷል፤ ወዴት እንደወሰደው አልተናገረም። የወይዘሮ ሽታዬ አፅም በነጭ ተጠቅልሎ ዛሬ ከባለቤታቸው ሣጥን አጠገብ አለ።

አሁን የቆማችሁበት መሬት ላይኛው ረድፍ ነው። የታቦር አፈር ነው፤ በጎርፍ ወርዶ፣ ሐይቁ አፍ ወድቆ፣ በእርሳቸው እጅ ተመልሶ የመጣ። የሁለቱ መቃብር ዛሬ ጠዋት ሲቆፈር እስከ ታች ደረቅ ነበር። ማመን ያቃተው ቀርቦ ይይ። ድንኳኑም ያልተተከለው ስለዚህ ነው። ፀሐዩ ቢመታችሁ ጥቂት ታገሡት። እርሳቸው ዐሥር ዓመት ከድንኳኑ ውጭ ቆመዋል።

አቶ ባህሩ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ፍቅርተማርያምን፣ ሄኖክንና ዮርዳኖስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን ሽበሺን ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ ያስታመሙትን፣ የቆፈሩትን፣ ያጓጓዙትን ያመሰግናል። ሌላውን አያመሰግንም።

የመጨረሻ ቃል። አፈሩን ስትመልሱ ድንጋይ አትጨምሩ። አያስፈልግም፤ የሚንሳፈፍ የለም። ውሃውን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የብሱን የገለጠ እግዚአብሔር የባህሩንና የሽታዬን ነፍስ በየብሱ ያሳርፍ። እኛንም በሕይወት ሳለን ይውቀሰን። አሜን።